በሽልማቱ ዕለት ስልኩ እኔ ጋ ነበር

እኔ ውሸት የሚከብደኝ ሰው አይደለሁም። አራዳ ተወልጄ አራዳ ያደግኩ ነኝ፤ ለታክሲ ረዳት፣ ለቤት አከራይ፣ "ሥራው የት ደረሰ?" እያለ ለሚደውል ደንበኛ ዓይኔን በጨው አጥቤ እዋሻለሁ። ስለዚህ የሽልማቱ ዕለት የባልደረባዬ እህት ደውላ "እስከ ነገ ጠዋት ብቻ እንዳይሰማ አድርጊልኝ" ስትለኝ ያን ያህል ከባድ ነገር የጠየቀችኝ አልመሰለኝም። ወይ አለማወቅ!

እኔ ሥዕል እሠራለሁ፣ እሱ ኮድ ይጽፋል። ፒያሳ፣ ከአንድ ወርቅ ቤት በላይ ባለች፣ በክረምት ጣሪያዋ በሚያፈስ ክፍል ውስጥ ሁለት ሆነን የስልክ ጌም እንሠራለን። ግማሹ ሰፈር ፈርሶ ግማሹ ሰፊ የእግረኛ መንገድና የመብራት ጌጥ ሲሆን የእኛ ፎቅ እንዴት እንደተረፈች አናውቅም፤ ሰሚ እንዳይኖር ብለን ጮክ ብለን አናነሳትም። እሱ ደሴ ተወልዶ ለዩኒቨርሲቲ ስድስት ኪሎ መጥቶ በዚያው የቀረ ልጅ ነው። በዕድሜ ታናሽ ወንድሜ ይሆናል። ዝምተኛ ነው፤ የእኔ አፍ ደግሞ አያርፍም። ቀኑን ሙሉ ስሰድበው እውላለሁ፣ እሱ ፈገግ ብሎ ሥራውን ይሠራል። እንዲህ ተስማምተን ዓመታት ኖረናል።

ያን ጊዜ የጨረስነው ጌም የአንዲት ሴትዮ ታሪክ ነው። ሴትዮዋ በክረምት፣ እሑድ ጠዋት፣ ነጭ ነጠላዋን ለብሳ ከቤቷ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች። የተጫዋቹ ሥራ ነጠላው ጭቃ ሳይነካው እሷን ማድረስ ነው። ታክሲ ውሃ ይረጫል፣ የሰው ጣሪያ ያንጠባጥባል፣ መንገዱ ተቆፍሯል፣ ጃንጥላ የያዘ ሰው ዓይን ሊያወጣ ፊት ለፊት ይመጣል። በቃ ይኸው ነው። ሲያወሩት ቀላል ይመስላል እንጂ በንዴት ስልኩን ሊወረውር የደረሰ ብዙ ሰው አይቻለሁ።

ሴትዮዋ አዳልጧት በወደቀች ቁጥር ከስልኩ ውስጥ "እኔን! እኔን ልጄን!" የሚል የእናት ድምፅ ይወጣል። ድምፁ የእሱ የእናቱ ነው። ለፋሲካ ደሴ ሄዶ "እስቲ እማዬ፣ እኔን በይልኝ፣ ልቅረጽሽ" ቢላቸው "ማን ወድቆ ነው እኔን የምለው? በከንቱ አይባልም" ብለው እምቢ አሉት። ቢለምናቸው፣ ቢያባብላቸው አሻፈረኝ አሉ። በመጨረሻ የስልኩን መቅረጫ ኪሱ ውስጥ ከፍቶ ወንበር ጠልፎት እንደወደቀ ሆኖ ቤታቸው መሐል ተዘረረ። እሳቸው እውነት መስሏቸው ከጓዳ እየሮጡ ወጡ። ድምፁን የሰማ ሁሉ ልቡ የሚደነግጠው ለዚህ ነው፤ የትወና ድምፅ አይደለም። በኋላ ነገሩን ሲነግራቸው በጫማ ነው አሉ ያባረሩት።

እናትና ልጅ በየቀኑ ይደዋወላሉ። አንድ ክፉ ጊዜ ወደዚያ ስልክ ተቋርጦ ድምፃቸውን ሳይሰማ ከርሞ ነበር። መስመሩ ከተመለሰ ወዲህ አንድም ቀን ሳይደውልላቸው አልዋለም። ሥራ መሐል ሆኖም ቢሆን ብድግ ይልና በረንዳው ላይ ወጥቶ "እማዬ፣ በላሽ?" ይላል። እሳቸው ደግሞ አንድ ጥያቄ አላቸው፣ ከተመረቀ ጀምሮ አልተዉትም፦ "ለመሆኑ ጨዋታ ሥራ ነው እንዴ?" ይህች ጥያቄ እንደ እሾህ እንደምትወጋው አውቃለሁ። ጌማችን ለሽልማት የታጨ ዕለት "ካሸነፍን ከዚያው ከአዳራሹ ነው የምደውልላት፤ ጭብጨባውን ትስማው" አለኝ። ሌላ የሚፈልገው ነገር አልነበረም።

ሽልማቱ በየዓመቱ የሀገሩን ጌም ሠሪ ሁሉ የሚሰበስብ ነው። ፒያሳ ካሉት አሮጌ አዳራሾች በአንዱ ይደረጋል። ዓመቱን ሙሉ ጨለማ ክፍል ውስጥ በቁምጣ ሲሠሩ የከረሙ ልጆች በዚያን ቀን እጅጌው የሚረዝም የተውሶ ኮት ለብሰው ይመጣሉ። ወላጆችም ይመጣሉ፤ ልጃቸው በሩን ዘግቶ ሲሠራ የኖረውን ነገር በዓይናቸው ሊያዩ። ከሰዓት በኋላ እያንዳንዱ ቡድን ጌሙን ጠረጴዛ ላይ ያሳያል፣ እንግዳው እየዞረ ይጫወታል። ሲመሽ ሁሉም ወንበር ይይዝና ሽልማቱ ይጀመራል፤ ምርጥ ሥዕል፣ ምርጥ ድምፅ፣ እያለ ይሄድና በመጨረሻ የዓመቱ ምርጥ ጌም ይጠራል።

እዚሁ አዲስ አበባ የምትኖረው እህቱ የደወለችው ጠረጴዛችንን ሳዘጋጅ ነው። እሱ ገመድ ፍለጋ ወጥቶ ነበር። "ብቻሽን ነሽ?" አለችኝ። ድምፅዋ ጎርንኗል። "እማዬ አረፈች" አለች። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስመው ተመልሰው "ደከመኝ" ብለው ጋደም እንዳሉ በዚያው ቀሩ። ሕመም የለ፣ ምን የለ።

እኔ ሲጨንቀኝ እቆጣለሁ፤ ጠባዬ ነው። "ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ? አሁኑኑ መጥታችሁ ንገሩት እንጂ! ቀብር ሊያመልጠው ነው እንዴ?" ብዬ ጮኽኩባት፤ እናቷ ለሞተችባት ሴት። እሷ ግን አልተቆጣችም። ቀብሩ ነገ ከሰዓት መሆኑን፣ የእሷና የወንድሟ የጠዋት አውሮፕላን ትኬት መቆረጡን አስረዳችኝ። "አሁን ብንነግረው ምን ያደርጋል? መኪና ይዞ በጨለማ በዚያ መንገድ ሊሄድ ነው? ሌሊቱን ሲጮህ ሊያድር ነው? መርዶ በጠዋት ነው። ሽማግሌዎቹ ንጋት ላይ ቤቱ ይመጣሉ፣ ይነግሩታል፣ ከዚያው ወደ ኤርፖርት እንወስደዋለን" አለች። የሀገሩ ደንብ መሆኑን አላጣሁትም፤ የእኔም አባት ሲሞት እንዲሁ ነው የነገሩኝ። ቀጥላም አደራዋን ዘረዘረችልኝ። ስልክ እንዳይይዝ፤ ዘመዱ ሁሉ ደሴ ሆኖ እያለቀሰ ነው፣ አንዱ ሳያስበው ይደውልለታል። ሌላው ደግሞ እራት በልቶ እንዲያድር። "ከነገ ጀምሮ እህል በአፉ አይዞርም፤ ዛሬ ይብላልኝ" ብላ ስልኩን ዘጋች።

ሽንት ቤት ገብቼ ፊቴን ታጠብኩ። ማልቀስ አልቻልኩም፤ የተኳልኩትን ኩል አይቶ ይጠይቀኛል። መስታወቱ ፊት ቆሜ "ሳቂ፣ ሳቂ አንቺ" እያልኩ ራሴን አዘዝኩ። ስወጣ እሱ ገመዱን ይዞ ተመልሷል፤ አዲስ ሸሚዝ ለብሷል፣ አንገቱ ላይ ያለችውን ወረቀት እንኳን አልነቀለም። ነቀልኩለትና "እህትህስ?" አልኩት፤ እንደማላውቅ ልሁን ብዬ። "አሞኛል አለች" አለ፤ ትንሽ ቅር ብሎታል። "ቢያንስ ዛሬ መምጣት ነበረባት።"

ስልኩን የወሰድኩት በዚህች ዘዴ ነው። "የእኔ ስክሪን ተሰንጥቋል፤ እንግዳው በአንተ ስልክ ይጫወት" አልኩት። "ለእማዬ ልደውልላት ነበር" አለኝ። "ምን ልትላት? 'እማዬ አዳራሽ ውስጥ ቆሜያለሁ' ልትላት? ስታሸንፍ ትደውላለህ!" ሳቀና አውጥቶ ሰጠኝ፤ የመክፈቻ ቁጥሩንም ነገረኝ። ስልኩን ከስፒከሩ ጋር አገናኘሁት። ገና የመጀመሪያው ተጫዋች እንደያዘው መጥራት ጀመረ፤ ስክሪኑ ላይ "አጎቴ" ይላል። ልጁ "ሰው እየደወለ ነው" ብሎ ሊያቀብለው እጁን ሲዘረጋ እንደ ንስር ነው የነጠቅኩት። ዘጋሁትና የአውሮፕላኗን ምልክት ነካሁ፤ ከዚያ በኋላ ማንም ሊደውልለት አይችልም።

ይህን ካደረግኩ በኋላ ልቤ ያርፋል ብዬ ነበር። የረሳሁት ነገር ቢኖር ድምፁን ነው። ጌሙ ከባድ ነው፣ ሰው ሁሉ ይወድቃል። አንድ ሰው በወደቀ ቁጥር ያ ስፒከር "እኔን! እኔን ልጄን!" ይላል። ሰው ይስቃል፣ ሌላው ተራውን ይይዛል፣ እንደገና "እኔን!" ይላል። እሳቸው ደሴ ተገንዘው ተኝተዋል፣ እዚህ ፒያሳ ደግሞ ላገኙት ሰው ሁሉ ይደነግጣሉ። ድምፁን ልቀንሰው ሞከርኩ፤ እሱ መጥቶ "ምን ሆነሻል? ዋናው ነገር እኮ እሱ ነው" ብሎ መልሶ ጨመረው። ፊቱን ሳየው እንዴት ደስ ብሎታል!

አዳራሹ ውስጥ ፊቱን ያጠቆረ ሰው ሁሉ መርዶ ነጋሪ መሰለኝ። በተለይ አንድ ጋቢ የደረቡ አዛውንት ነበሩ። ከሩቅ እሱን እያዩ፣ አንገታቸውን እየነቀነቁ፣ ቀስ እያሉ ወደ እኛ መጡ። ይኼው፣ አለቀ፣ የደሴ ሰው ናቸው፣ አልኩ። ጠረጴዛውን ዞሬ መንገድ ላይ ቆምኩባቸውና "አባቴ፣ እባክዎ፣ አሁን አይደለም፤ ነገ ጠዋት ነው" አልኳቸው በለሆሳስ። ግራ ተጋብተው አዩኝ። "ልጄ፣ ሽንት ቤቱን ነው የምጠይቀው፤ እስከ ነገ ጠዋት ደግሞ እንዴት እችላለሁ?" አሉኝ። በሌላ ቀን ቢሆን ይህን ለሳምንት እስቅበት ነበር። ያን ቀን በጣቴ አሳይቻቸው ተመለስኩ።

ይባስ ብሎ የራሴ ጠባይ አጋለጠኝ። "ውሃ ጠጣ፣ ቁጭ በል፣ ደክሞሃል" እያልኩ ስዞረው ቆየሁና እሱ ድንገት ዞሮ ትክ ብሎ አየኝ። "ዛሬ አንድም ጊዜ አልሰደብሽኝም። ምን ተፈጠረ?" አለ። አዘኔታዬ ነው ያሳበቀብኝ። "አንተ ደደብ፣ ለሸሚዙ አዝኜ ነው፤ አንገትህ እንደ ሰጎን ሆኖበታል" አልኩት። ሳቀ፣ ልቡ ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ በየጥቂቱ እያስታወስኩ እሰድበው ነበር። እናቱ የሞተችበትን ልጅ እንዲህ እየሰደብኩ አመሸሁ።

ሲመሽ ወንበር ይዘን ተቀመጥን። የክብር እንግዳው ስለ ቴክኖሎጂ ረጅም ንግግር አደረጉ፤ ጌም ተጫውተው እንደማያውቁ ከአነጋገራቸው ያስታውቃል። ስልኩ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ ቦርሳዬን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ በሁለት እጄ ይዤዋለሁ። ያን ማታ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምጸልየው፤ እንዳናሸንፍ። እኔ! ሥራውን እንቅልፍ አጥቼ የሣልኩት እኔ፣ ባለፈው ዓመት ስንሸነፍ ለሳምንት ያኮረፍኩት እኔ! ከተሸነፍን አይደውልም፣ አዝኖ ይበላል፣ ይተኛል። ምርጥ ሥዕልን ሌላ ቡድን ሲወስድ ተመስገን አልኩ። ምርጥ ድምፅንም ሌላ ወሰደው። ተመስገን። በመጨረሻም ፖስታው ተከፈተና የእኛ ጌም ተጠራ።

ሰው ተነሥቶ አጨበጨበ። አንዲት የማላውቃት እናት እልልታዋን አቀለጠችው። እሱ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዞ ቀረ፤ ከዚያ አቀፈኝ፤ ከዚያ ብቻውን እየሮጠ መድረኩ ላይ ወጣ። አብሬው መውጣት ነበረብኝ፤ አልወጣሁም። እዚያው ቆሜ አጨበጨብኩ። መዳፌ እስኪቀላ አጨበጨብኩ፤ ሌላ ምን ላድርግ?

ዝምተኛው ልጅ ማይኩን ሲይዝ አፉ ተፈታ። "እናቴ ሁልጊዜ 'ጨዋታ ሥራ ነው እንዴ?' ትለኛለች" ሲል አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ፤ የሁሉም እናት የምትለው ነው። ድምፁ የእሳቸው መሆኑን፣ እንዴት አታሎ እንደቀረጻቸው ተናገረ። "ይኸው ዛሬ መልስ አገኘሁላት። ደውዬ ልነግራት ነበር፣ ግን ስልኬን ያቺ ወስዳብኛለች" ብሎ ወደ እኔ ጠቆመ። መድረክ መሪው ይህን ሲሰማ እንደ ሎተሪ ነው የያዘው። "እንግዲያማ አሁኑኑ ከመድረክ ይደወልላታል! ይደወል ወይስ አይደወል?" ሲል ሕዝቡ "ይደወል! ይደወል!" አለ። ሁሉም ዞሮ እኔን አየኝ። ተነሥቼ "ባትሪው አልቋል!" ብዬ ጮኽኩ። እንደ እውነቱ አልቆም ነበር፤ ያን ቀን ያወራሁት እውነት ይህች ብቻ ናት።

ታዲያ ጌም ሠሪ የሞላበት አዳራሽ ውስጥ ባትሪ አለቀ ይባላል? ከየአቅጣጫው ፓወር ባንክ ወደ ላይ ተነሣ። ትልቅ፣ ትንሽ፣ ገመዱ የተንጠለጠለ፣ በእጅ በእጅ እየተቀባበለ ወደ እኔ ይመጣል። መድረክ መሪው ደግሞ አላስችል ብሎት የራሱን ስልክ አወጣና "እስኪሞላ ምን አስጠበቀን? ቁጥሯን ንገረኝ" አለው። ባልደረባዬ አፉን ከፈተ፣ ዘጋው፣ ራሱን አከከ። ቁጥሩን አያውቀውም። በየቀኑ ይደውላል እንጂ "እማዬ" የሚለውን ነክቶ ነው፤ ዛሬ ማን ቁጥር በቃሉ ይይዛል? ሰው ሳቀበት፣ እሱም በራሱ ሳቀ። ፓወር ባንኩ ግን እጄ ገብቷል፣ ጎረቤቴ ገመዱን ራሱ ሰክቶልኛል፣ ስክሪኑ በርቶ ቀስ እያለ ሊከፈት ነው። የክብር እንግዳው ያዳኑኝ በዚህች ቅጽበት ነው፤ መሄጃቸው ደርሶ ተነሡ። አንዱ አስተናጋጅ ለመድረክ መሪው ምልክት ሰጠ፣ ሙዚቃ ተከፈተ፣ ፎቶ ይነሣ ተባለ፣ ነገሩ በዚያው ቀረ፤ እኔም ስልኩን ነቅዬ ቦርሳዬ ውስጥ መለስኩት። ንግግራቸውን ሳማ የቆየሁትን ሰውዬ መረቅኳቸው።

ከዚያ እራት። ውቤ በረሃ አካባቢ ወደምናውቃት ትንሽ ምግብ ቤት ወሰድኩት። ደስታው ሆዱን ዘግቶታል፤ ጣቱን እንጀራው ላይ አድርጎ ያወራል። "ብላ እንጂ!" እላለሁ፤ "እሺ" ይላል፣ አይበላም። ጠቀለልኩና አጎረስኩት። "ከመቼ ወዲህ ነው የምታጎርሺኝ?" አለ አፉ ሞልቶ። "አንድ ጉርሻ ያጣላል" ብዬ ደገምኩት፤ ሠለስኩት። የመጨረሻውን እንዳጎረስኩት የውሃ ብርጭቆ አነሣሁ። ጨጓራዬን አመመኝ ብዬ እኔ አልበላሁም። "ስልኬስ?" አለ ስንወጣ። ከጠረጴዛው ዕቃ ጋር ተቆለፈበት፣ ጠዋት አመጣልሃለሁ አልኩት። ትንሽ አሰበና "ተይው፣ እሷም አሁን ተኝታለች" አለ። ስልኩ ብብቴ ሥር ባለው ቦርሳ ውስጥ ነበር። ቤቱ በር ድረስ ሸኝቼው ሄድኩ፤ ቤቴ ገብቼ ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰካሁት፤ ለመንገዱ ያስፈልገዋል ብዬ ነው።

ጎህ ሲቀድ ከቤቱ ማዶ ተገናኘን። የእህቱ እድር ሽማግሌዎች ሰፈሩ ሲፈርስ አንዱ ገላን፣ አንዱ አያት ተበትነዋል፤ ያም ሆኖ በመጀመሪያው ታክሲ ደርሰዋል። ሁለት ጓደኞቹም አሉ። ተናጋሪው የእድሩ ዳኛ ናቸው፤ ብዙ መርዶ የተናገሩ፣ ቃል የማይጠፋቸው አዛውንት። ሌላው ዝም እንዲል ተስማማን። እህቱ እስኪነገረው ድረስ ጥግ ላይ ትጠብቃለች። ለደሴዎቹም ንጋት ላይ እንደሚነገረው መልእክት ልካላቸዋለች። የእኔ ሥራ በዚህ አበቃ ብዬ ከሁሉም ኋላ ቆምኩ፤ ሌሊቱን አልተኛሁም።

ዳኛው በሩን መቱ። ሰው ንጋት ላይ በሩን ከፍቶ ሽማግሌ ተሰብስቦ ሲያይ ምን እንደመጣ ያውቃል፤ በእኛ ሀገር ይህን ለማወቅ ነጋሪ አያስፈልግም። እሱ ግን በሩን ከፍቶ አየንና ፊቱ በራ። "ውይ! ሁላችሁም!" አለ። "ምነው ምነው፣ እኔ መምጣት ሲገባኝ እናንተ በዚህ ብርድ!" እያለ የሽማግሌዎቹን ትከሻ በየተራ ሳመ። ሊመርቁት፣ እንኳን ደስ አለህ ሊሉት የመጡ መስሎታል። አንድ ወንበር ብቻ ነው ያለው፤ ሮጦ አልጋውን አነጣጠፈ፣ "ግቡ፣ ተቀመጡ" አለ። ዳኛው እንዲህ ያለ አቀባበል በዕድሜያቸው ገጥሟቸው አያውቅም መሰለኝ። እጃቸውን ይዞ እየሳቀ ቢያያቸው ጊዜ ልማድ ሆኖባቸው "እንኳን ደስ አለህ ልጄ" አሉ። ያቺ ቃል ከአፋቸው ከወጣች በኋላ መመለሻው ጠፋ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ወደ ጣሪያው አዩ፣ "በስመ አብ" አሉ፣ እንደገና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጓደኞቹ መሬት መሬት ያያሉ።

እሱ ከሁሉም ኋላ እኔን አየኝ። "አንቺ ነሽ የሰበሰብሻቸው፣ አውቄያለሁ!" አለ። እጁን ዘረጋ። "ስልኬን አመጣሽልኝ? እማዬ እኮ ከወፍ ጋር ነው የምትነሣው፤ እነሱ እያሉ እንደውልላት፣ ይመርቁኛል።" ለምን እንደሰጠሁት እስከ ዛሬ ሰው ይጠይቀኛል። አንድ ሺህ ዘዴ ነበር። ግን ውሸቴ አልቆ ነበር፤ ማታ ጨርሼዋለሁ። እጁ ተዘርግቶ ቆሟል፣ ይስቃል። አውጥቼ ሰጠሁት። ዳኛው "ልጄ፣ በመጀመሪያ እስቲ ቁጭ በል" ሲሉ እሱ "እናንተ ቁጭ በሉ እንጂ" አላቸውና የአውሮፕላኗን ምልክት አጥፍቶ "እማዬ" የሚለውን ነካ፤ ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ወደ ውጭ ለቀቀው።

አንዴ እንደጠራ ተነሣ። ያነሡት አጎቱ ናቸው። ነግቷል፤ ተነግሮታል ብለው አስበዋል። ከጀርባቸው የሴቶች ለቅሶ ይሰማል። "አይዞህ ልጄ" አሉት። "እግዚአብሔር ያጥናህ። ቀብሩን ለእናንተ ብለን ከሰዓት አድርገነዋል፤ ቀስ ብላችሁ ኑ።"

ስልኩን አልጣለውም። እንደያዘው ቆመ። ዳኛውን አላያቸውም፣ ጓደኞቹንም አላያቸውም፤ ቀና ብሎ እኔን ነው ያየኝ። ፊቱ ላይ ያ ሳቅ ገና አልጠፋም ነበር።

"ማታ ታውቂ ነበር?" አለኝ።

"አውቅ ነበር" አልኩት።

"መድረኩ ላይ ቆሜ ስለእሷ ሳወራ?"

"አዎ።"

"ስታጨበጭቢልኝ?"

"አዎ" አልኩት። ከዚያ ነው የጮኸው።